በሺሺንዳ ቁልቁለት የጣለችኝ ሞተር

ባለፈው ሳምንት ዓሣ ገዝቼ በመኪና ስመለስ ፌስታሉ ሲያፈስ ኖሯል። በማግሥቱ ጠዋት በሩን ስከፍት የተቀበለኝ ሽታ ወዲያው ወደ ኋላ ወሰደኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሐይቅ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔ ትዝ ያለኝ ቦንጋ ነው፤ ቦንጋ ደግሞ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ከተማ አይደለም። ምንጣፉን አውጥቼ እያጠብኩ ለብቻዬ ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ሳቁ ተወኝ።

ንጉሡ ከወረዱ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የእንስሳት ጤና ዲፕሎማዬን ይዤ ከደብረ ብርሃን ወደ ቦንጋ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ስሜ ትዕግሥት ይባላል፤ ስሙን ያወጡልኝ ሰዎች ያኔ ቢያዩኝ ይጸጸቱ ነበር። ያደግሁበት አገር ሜዳ ነው፤ ዓይን እስኪደክም ድረስ ይታያል። ቦንጋ ግን ኮረብታ ላይ የተንጠለጠለ ከተማ ነው፤ ዙሪያው ጫካ፣ ከጫካው በላይ ጉም። ዝናቡ ሲጀምር መቼ እንደሚያቆም ብጠይቅ የግብርና ቢሮው ሰው በሙሉ ሳቀብኝ። የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስሰማ ግድግዳው የሚጠብብኝ ይመስለኛል። ከዚያ ጭንቀት የምታወጣኝ ለመስክ ሥራ የተሰጠችኝ የቢሮው ሞተርሳይክል ብቻ ነበረች።

ቀይ ናት፤ ቀለሟ የተላላጠ፣ ስንቱን ሠራተኛ ተሸክማ ያረጀች። ከእኔ በፊት የሚነዳት አደሎ የሚባል የክትባት ሠራተኛ ነበር፤ የካፋ ሰው፣ ከእኔ በአምስት ስድስት ዓመት የሚበልጥ፣ ወሬ የማያበዛ። እኔ ዲፕሎማ ስላለኝ ለእኔ ተሰጠች። ቁልፉን ሲያስረክበኝ "ቁልቁለት ላይ ቀስ በይ" አለኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሴት ስለሆንኩ የናቀኝ መሰለኝና አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው ሄድኩ።

ነሐሴ ላይ የከብት ክትባት ይዤ ከቦንጋ ወጣ ብላ ወዳለችው ወደ ሺሺንዳ ስወርድ ጣለችኝ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስይዝ ፊቷ ዘጭ ብሎ ሰመጠ፣ መልሶ ዘለለ፣ መሪው ከእጄ ወጣ። ጉልበቴ ተላጠ። ክትባቱ ያለበት የበረዶ ሳጥን ተከፍቶ ብልቃጦቹ ድንጋይ ላይ ተሰባበሩ። ሺሺንዳ ደግሞ ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ይዘው ከማለዳ ጀምሮ በዝናብ ይጠብቁኛል። እያነከስኩ ደርሼ "ዛሬ ክትባት የለም" ስላቸው አንዲት እናት ፊቴን ብቻ አይታ ላሟን እየጎተተች ሄደች። ከጉልበቴ ይልቅ እሱ አመመኝ።

ኃላፊያችን ግን ስለ ጉልበቴም አልጠየቁም። ቀኑ ሰኞ ነበር።

"ሐሙስ ጠዋት ሞተሩን ለአደሎ ታስረክቢያለሽ። አንቺ ቢሮ ሆነሽ ሪፖርት ታጠናቅሪያለሽ" አሉኝ።

"ሞተሯ ናት የጣለችኝ። ፊቷ ልክ አይደለም" አልኳቸው።

"አደሎን ለምን አልጣለችውም ታዲያ?"

በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አደሎን ሳገኘው ሰው ሁሉ እየሰማ "ደስ ይበልህ፤ ስትመኛት የኖርከው ሞተር መጣችልህ!" አልኩት። ጃንጥላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛውሮ መንገዱን ቀጠለ።

ቁጭ ማለት አቃተኝ። ሞተሯን እየገፋሁ ገበያው አጠገብ ወዳለው ወደ ጋሽ ሲራጅ ሱቅ ወሰድኳት። ጋሽ ሲራጅ አባታቸው ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ከፊት ሳሙናና ምስማር እየሸጡ ከጓሮ የወፍጮ ሞተር የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። መሪውን ያዙና አንዴ ወደ ታች ተጫኑት። ፊቷ እንደ ስፖንጅ ወረደ።

"የዚህን ዘይት መቼ ነው የቀየራችሁት?" አሉኝ።

"በየጊዜው እንቀይራለን።"

"እሱ የሞተሩ ነው፣ ልጄ። እኔ የምልሽ የፊት እግሮቹን ነው።"

የፊት ጎማዋን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለቱ የብረት እግሮቿ ውስጥ ዘይት መኖሩን ያን ቀን አወቅሁ። ጋሽ ሲራጅ ከሥሯ ግንድ አስገብተው የፊት ጎማዋን ከመሬት አነሱና የእግሮቹን የላይ ክዳን ፈቱ፤ ከታች ያለችውን ትንሽ ብሎን እኔ እንድፈታ መፍቻውን ሰጡኝ። ከቀኙ እግር የሳህን እጣቢ የመሰለ ግራጫ ነገር ተንዠቀዠቀ፤ ሽታው የበሰበሰ ዓሣ ነው። ከግራው የወጣው ማንኪያ አይሞላም። ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት ተበልቶ ሲፈስ ኖሯል።

"አንዱ እግሯ ውሃ፣ አንዱ ባዶ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "እስከ ዛሬ መቆምሽም ይገርማል።"

ትክክለኛው ዘይትም ሆነ ቀለበቱ ቦንጋ ስላልነበረ ጋሽ ሲራጅ ከጅማ በአውቶቡስ እንዲመጣ መልእክት ላኩ። ማክሰኞን ከቢሮ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ሱቅ ስመላለስ ዋልኩ። "የሞተሩን ዘይት እንጨምርበትና እንገላገል" ብዬ ለመንኳቸው። "ወፍራም ነው፤ ግትር ያደርጋታል። ደግመሽ ልትወድቂ?" ብለው እምቢ አሉ። ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፤ ዓይኔ መንገዱ ላይ እንደተተከለ ቆሜ በላሁት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ጋሽ ሲራጅ ቀለበቱን ቀየሩ። ዘይቱን የምንለካበት ስናጣ ከብት የምወጋበትን ትልቅ ሲሪንጅ ሮጬ አመጣሁ። ለእያንዳንዱ እግር ሦስት ሲሪንጅ ተኩል። "ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ትጎትትሻለች" ስላሉኝ ትንፋሼን ይዤ ለካሁ። በዚያ ዕድሜዬ ሳልቸኩል የሠራሁት የመጀመሪያው ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ ጠዋት አሮጌውን ዘይት በጠርሙስ ይዤ ሄድኩና ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አደሎ ርክክቡን ሊፈርም ቆሟል። ኃላፊያችን ጠርሙሱን አሽትተው በፍጥነት አራቁት።

"ይሄ ምንም አያረጋግጥም" አሉ። "እሱም በዚህችው ሞተር ነው የሠራው። ወድቆ አያውቅም።"

"ወድቄያለሁ" አለ አደሎ።

ሁለታችንም ወደ እሱ ዞርን።

"እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። ሁለቴ። ሳጥኑ ባዶ ስለነበረ ማንም አላወቀ።" ዓይኑ መሬት ላይ ነው። "ሳስረክባት ልነግራት ነበር። ወደቅሁ ማለት አፈርኩ። ጥፋቱ የትዕግሥት አይደለም። እኔ አልፈርምም።"

ኃላፊያችን ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሞተሯ እኔው ጋ ቀረች። በሳምንቱ ሺሺንዳ ስወርድ ፊቷ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ፤ እስከ ማታም ከብት ስወጋ ዋልኩ።

አደሎን ግን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ነገ እለዋለሁ እያልኩ ወራት አለፉ። ማንኪራ ከሚባል መንደር ካሉ ዘመዶቹ ማር ሲመጣለት ከፍሎ በቅጠል ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጥልኛል፤ ማሩን እበላለሁ፤ ቃሉ ግን ከአፌ አይወጣም። በዓመቱ ዝውውሬ ሲመጣ በአንድ ቀን ሻንጣዬን ሸክፌ፣ ግማሹን ሰው እንኳ ሳልሰናበት ወጣሁ። እሱ ያን ቀን መስክ ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሠራሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ስንት ዕቃ ተሰበረ፣ ስንት ሰው ባላጠፋው ተጠየቀ። እውነቱን እያወቅሁ፣ ስሜ እንዳይነሳ ብዬ ስብሰባ ላይ አንገቴን ደፍቼ የወጣሁባቸው ቀናት አሉ። በሌላው ነገር ሁሉ እቸኩላለሁ፤ እዚያ ላይ ግን ምላሴ ይታሰራል። አደሎ ቢዘገይም ተናገረ፤ ያውም ሞተሯ ልትሰጠው ደቂቃ ሲቀራት። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ለእሱ የሚገባውን ይቅርታ እንኳ ይኸው አሁን ነው የምጽፈው፤ ምናልባት ቦንጋ ያለ ሰው አንብቦ ይነግረው ይሆናል ብዬ።