እህቴ እንድትተኛ

እናታችን ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ቁርስ ቤት አላት። የምታስተናግደው ታናሽ እህቴ ናት፤ ትእዛዝ ስትቀበል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ አታውቅም። የቤቱን ሁሉ ትእዛዝ በቃሏ ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች፣ አንድም ሳታዛንፍ ይዛ ትወጣለች። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ እሷም ቤት ውስጥ "ቲቸር" ነው የምትለኝ። የሥራ ትውስታ ምን እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ምሳሌዬ እሷ ነበረች፦ አእምሮ የያዘውን እስኪያደርስ ድረስ የሚሸከምበት ትሪ ነው እላቸዋለሁ።

ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነበረች። ለፈተናው ጉብሬ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ቤተ ክርስቲያናችን የሁለት ሌሊት የአዳር ጸሎት አወጀች፤ ተፈታኞቹም አብረው እንዲያድሩ። በጸሎቱ አልከራከርም፣ እዚያው ነው ያደግሁት። ያናደደኝ፣ ጌታ ያጠኑትን እንዲያስታውሳቸው እየለመንን የሚያስታውሱበትን አእምሮ እንቅልፍ መንሳታችን ነው። ለእናቴ በሥርዓት አስረዳኋት። ጥልቅ እንቅልፍ ላይ የአንጎል ሞገድ ዝግ ይላል፤ ቀን የተጠናው ያኔ ተደግሞ ይጸናል። ሳይተኛ ያደረ ሰው ደግሞ በማግስቱ ትሪው ይጠብበታል።

"ጨረስክ?" አለችኝ። "በል ሽንኩርቱን አቀብለኝ።"

እህቴ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው አደረች። ጠዋት አንድ ባጃጅ ነጂ ፊት ጨጨብሳ አስቀመጠች።

"እህቴ፣ እኔ ፉል ነው ያልኩሽ።"

ፉሉ ሻይ ብቻ ያዘዙ ሽማግሌ ፊት ተቀምጧል።

"ግድ የለም፣ አባባ ይብሉልኝ!" ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ፣ "ቲቸር፣ ፈተናው ላይም እንዲህ ብሆንስ?" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

በቃ፣ ማስረጃ ተገኘ ብዬ ወደ እናቴ ዞርኩ። "አየሽ? አልነገርኩሽም?"

"አየሁ እንጂ! ጠላት ልጄን ሊያደናቅፍ ተነስቷል። ዛሬ ማታማ የግድ ትመጣለች።"

ራሴን ያዝኩ። በገዛ ማስረጃዬ መታችኝ። እንደገና ከሞገዱ ልጀምር ስል እጇን አነሳች።

"አንተ ለመሆኑ ለእህትህ ጸልየህ ታውቃለህ? ማብራራት ብቻ!"

"እሺ፣ በእሷ ፋንታ እኔ ልደር። እሷ ትተኛ።"

አየችኝ። "እስኪነጋ?"

"እስኪነጋ።"

አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት እህቴ ከመሄዷ በፊት አስተናገደች። ፉሉም ጨጨብሳውም ለየባለቤቱ ደረሰ። ባጃጅ ነጂው፣ "አባባ ዛሬ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው" ብሎ አሾፈባት። እየሳቀች ሻንጣዋን አንስታ ወጣች።

እናቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። "አየህ? ጸሎት እንዲህ ነው።"

"ኧረ እማዬ፣ ተኝታ ስላደረች እኮ ነው! ጥልቅ እንቅልፍ ላይ የአንጎል..."

ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋኝ። እናቴ በትዕግሥት ጠበቀችኝ። አልመጣም።

"ሂድ ተኛ፣ ልጄ" አለችኝ።