ማስታወሻዋን ያላስረከበችው መምህርት

ሙልኪ ጅግጅጋ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። በ2011 ዓ.ም. ከሐረር ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ የካራማራን ቁልቁለት ሲወርድ ተገለበጠ። የተሰበረው እግሯ ዳነ፤ ጭንቅላቷ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነላትም። የድሮውን አልረሳችም። ጉናጋዶ ያደገችበትን ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረችውን፣ የወንዞችን ስም ከነገባሮቻቸው ታውቃለች። አዲስ ነገር ነው የማይያዝላት። ጠዋት የተነገራት ከሰዓት በኋላ ይጠፋባታል፤ ዛሬ የተዋወቀችው ሰው ነገ እንግዳ ይሆንባታል።

ከሆስፒታል ስትወጣ ታላቅ ወንድሟ ዩኒስ ቤቱ ወሰዳት። ዩኒስ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል፤ ለእህቱ የሚሳሳ ሰው ነው።

«አባዮ» አላት፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለቱ ነው፣ «ከእንግዲህ ሥራው ይቅርብሽ። እዚህ ምን ይጎድልብሻል? ሰው እንዳይስቅብሽ ብዬ ነው።»

«የሚስቅ ይሳቅ» አለችው። «እረሳለሁ እንጂ አልሞትኩም።»

ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ስልኳ ላይ አንድ የማስታወሻ አፕ ጭና የሰማችውን፣ ያየችውን፣ ቃል የገባችውን ሁሉ እዚያ መጻፍ ጀመረች፤ ግማሹን በሶማሊኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። ከየትኛው ክፍል ጋር የት እንደደረሰች፣ ለማን ምን እንዳልገባው ይጻፋል። አፑ የሥራ ዝርዝርም ስለነበረው ሰዓቱ ሲደርስ እየጮኸ «አሁን 10ኛ ሐ ትገቢያለሽ» ይላታል። ክፍል ውስጥ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ደብቃ በጨረፍታ ታነበዋለች።

እናቷ የሞቱትም በእነዚያ ዓመታት ነው። መሞታቸው እንኳ በየቀኑ ስለሚሰማት አይጠፋባትም። የመጨረሻ ሰሞናቸውን፣ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ያወሩትን ግን፣ ከዚያ ስልክ ሌላ የትም አታገኘውም።

በ2016 አፑን ስትከፍት አንድ ማስታወቂያ ጠበቃት። ድርጅቱ በወሩ መጨረሻ አገልግሎቱን ያቋርጣል፤ ማስታወሻውን የሚፈልግ ከዚያ በፊት ኤክስፖርት ያድርግ፣ ማለትም በፋይል አውጥቶ ይውሰድ፤ የቀረው ይደመሰሳል። ደጋግማ አነበበችው። ደሟ ፈላ።

«የኔን ኑሮ ማን አባቱ ነው የሚደመስሰው?» አለች፣ መምህራን ማረፊያ ብቻዋን ተቀምጣ።

ማስታወሻውን ማውጣት የሚቻለው በኮምፒውተር ብቻ ስለነበር ተሜ ዘንድ ሄደች። ተሜ ከደብረ ብርሃን የመጣ የትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር ነው።

«ስልክሽንና የይለፍ ቃልሽን ስጪኝ» አላት። «ነገ ጨርሼ አመጣልሻለሁ።»

«አልሰጥም።»

«ምን ነካሽ? አላነበውም እኮ።»

«ባታነበውም። ነገ የሚቀጥለው አፕ ሲዘጋ አንተ ተዛውረህ ብትሆንስ? ሌላ ሰው ልለምን? እኔው ራሴ ልቻለው። አሳየኝ።»

አሳያት። በማግስቱ ከነጭራሹ ረሳችው። እንደገና አሳያት፤ እንደገና ጠፋባት። ቅደም ተከተሉን ጽፋ ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ክፍል ስትጨርስ እዚያ ትቀመጥና አንድ በአንድ እያነበበች ትሞክራለች። አንዳንዴ ፋይሉ እየወረደ እያለ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፤ ሲመለስ የት እንደነበረች አታውቅም፤ ከመጀመሪያው ትነሳለች። ተሜ ሲያያት ያዝንላትና ሊነካካላት እጁን ይዘረጋል። እጁን ገፋ ታደርገዋለች። እንዲህ ሲደጋገም ጭንቅላቷ ያልያዘውን ጣቶቿ ያዙት። ግድግዳውን ሳታይ መሥራት ጀመረች።

ፋይሉ ወጥቶ ስትከፍተው ሶማሊኛው ደህና ነው፤ አማርኛው ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ሆኗል። ተሜን ጠራችው።

«ፊደሉ አልጠፋም» አላት ተሜ። «የከፈትሽበት ፕሮግራም ነው ማንበብ ያቃተው። በሌላ ክፈችው።»

ራሷ በሌላ ከፈተችው። ፊደሉ ተመለሰ። ወዲያው የእናቷን ገጽ ፈለገች፤ አገኘችው። «ዛሬ እማ ትንሽ ሻይ ቀመሰች» ይላል። «‹ከጉናጋዶ ጅግጅጋ የላክንሽ ቤት እንድትቀመጪ አይደለም› አለችኝ። ዩኒስም ሰምቷል።» ሙልኪ ይህን አዲስ ወሬ እንደሚሰማ ሰው አነበበች፤ ተሜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሁሉም ግን አልወጣም። በድምፅ የቀዳቻቸው ማስታወሻዎች ቀሩ። የሥራ ዝርዝሩም የወጣው ያለ ቀን ነው፤ «ፈተና መቆጣጠር» ይላል፣ መቼ እንደሆነ የለም። ከማስታወሻዋ እየፈለገች፣ ሰው እየጠየቀች ቀኖቹን አዲስ በጫነችው አፕ ላይ መልሳ ሞላች። አንዱ አመለጣት። 10ኛ ሐ የጂኦግራፊ ፈተና ሊፈተን ተቀምጦ ሲጠብቅ እሷ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ደሬሳ አስጠሯትና ደብዳቤ ሰጧት። ከሰኞ ጀምሮ ወደ መማሪያ መጻሕፍት መጋዘን ተዛውራለች።

«ለእርስዎም ለተማሪዎቹም የሚሻለው ይሄ ነው» አሏት ረጋ ብለው። «ደመወዝዎ አይነካም።»

«ለእኔ የሚሻለኝን እኔ አውቃለሁ። ጥፋቴን አልክድም፤ ይቅጡኝ፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፉብኝ። ከክፍል ግን አልወጣም።»

«ውሳኔ ነው፣ መምህርት።»

«እንግዲያው ሰኞ እንተያያለን።»

ዩኒስ ሲሰማ ደስ አለው። መጋዘን ጥላ ነው፣ ጩኸት የለበትም፣ አላህ ነው ያሳረፈሽ አላት። እሷ ደብዳቤውን ማስታወሻዋ ላይ ቃል በቃል ገለበጠችውና ከሥሩ «አልቀበልም» ብላ ጻፈች፤ ጠዋት ስትነሳ ቁጣዋም አብሮ እንዳይጠፋባት።

ሰኞ መጋዘኑን አልፋ 10ኛ ሐ ገባች። ምትክ አስተማሪ ገና አልተመደበም ነበር። ስልኩን እንደ ልማዷ አልደበቀችውም፤ ጠረጴዛው ላይ በግላጭ አስቀመጠችው።

«የመኪና አደጋ ደርሶብኝ ነበር» አለቻቸው። «ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር አይያዝልኝም። ስለዚህ እጽፋለሁ። ለፈተናው ያልመጣሁት ቀኑ ከዝርዝሬ ስለጠፋ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስልኳን አንስታ ጮክ ብላ አነበበች። «‹የፋፈን ወንዝ ዝናብ ካልበረታ ዋቢ ሸበሌ የማይደርሰው ለምንድን ነው ብላ ዑባህ ጠየቀችኝ፤ መልሱን ሳልጨርስ ተደወለ› ይላል። ዑባህ ማናት?»

ከመሃል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪና ስሚኝ።»

ወንዙን ሰሌዳው ላይ መሳል እንደጀመረች በሩ ተከፈተ። አቶ ደሬሳ ናቸው።

«መምህርት፣ እዚህ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያስተማርኩ ነው። ወይ ይግቡና ይቀመጡ፣ ወይ በሩን ይዝጉልኝ፤ አቧራ እየገባ ነው።»

አቶ ደሬሳ ሰሌዳው ላይ የተጀመረውን ወንዝ አዩት። ከዚያ ገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ውሃው በሙቀት እየተነነ፣ በአሸዋው እየሰረገ እንዴት መንገድ ላይ እንደሚያልቅ ስታስረዳ እስከ ደወሉ አልተነሱም። ሁሉም ከወጣ በኋላ ጠረጴዛዋ አጠገብ መጡ።

«የድጋሚ ፈተናው ረቡዕ ጠዋት ነው» አሏት። «ይጻፉት።»

ጽፋ እስክትጨርስ ቆመው ጠበቋት።

ሙልኪ ዛሬም ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማስታወሻዋን በገዛ እጇ እያወጣች ማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፍተው ተራ ፋይል ታስቀምጣለች፤ አንዱን ቅጂ ቤት፣ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ባለው ፍላሽ። ዩኒስ አሁንም ቤት እንድትቀመጥ ይመክራታል። ያን የመጋዘን ደብዳቤ እስካሁን የሻረው የለም፤ እሷም እስካሁን መጋዘኑን አልረገጠችም።