ለፈረንጅ ወጌሻ ወገቤን የሰጠሁ ቀን

ከድሬ የወጣሁ ማታ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎ ሰው ሁሉ ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ነበር። ልጄ ቢኒያም ከእህቴ ልጆች መሃል ተዘርሯል። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ልሰናበተው ጎንበስ አልኩና ፈራሁ፤ ከነቃ አልሄድም። ነጠላዬን ጣል አድርጌበት ወጣሁ። ጅቡቲ ፈረንሳዮች ቤት ሠራሁ፣ እነሱ ሲመለሱ እኔንም ይዘውኝ ሊዮን መጡ። ከድሬ ከወጣሁ ይኸው አምስት ዓመት ሞላኝ።

እዚህ ፀሐይ ትወጣለች እንጂ አታሞቅም፤ ግድግዳ ላይ የተሳለች ናት። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ "ቦንዡር" ብሎ ይሸሻል። ድሬ ቢሆን ቦንዡር ያለ ሰው ምሳ ሳይበላ አይለቀቅም።

ከፈረንሳዮቹ ቤት ወጥቼ በአንድ ድርጅት የያዝኩት አዲስ ሥራ ሽማግሌዎችን ቤታቸው ሄዶ ማጠብና ማንሳት ነው። አንድ ቀን አንዱን ሽማግሌ ከአልጋ ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ። ለማንም አልተናገርኩም። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ካለፍኩ ቋሚ ውል ይሰጡኛል፤ ያለ ቋሚ ውል ልጄን ላምጣ ብሎ ማመልከት የለም፤ ማመልከቻው ደግሞ አሥራ ስምንት ሳይሞላው መግባት አለበት። ታማለች ከተባልኩ ግን ከሥራ ይሸኙኛል። ስለዚህ ዝም ብዬ ጫማዬን አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ እያጠለቅኩ ሥራ እሄዳለሁ።

የነቃችብኝ ኬሪያ ናት። ኬሪያ ታይዋን የሚሉት ገበያ ልብስ ስትሸጥ የኖረች የድሬ ልጅ ናት፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው ቤቷ። ደረጃውን ስወጣ ከኋላ አየችኝና "አቦ፣ አረገዝሽ ወይስ ተሰበርሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። ኦስቴዮፓት ጋ እወስድሻለሁ አለች።

"ሐኪም ነው?"

"ሐኪም ስላልሆነ እኮ ነው የምልሽ። ከሥራ የሚያስቀር ወረቀት አይጽፍም። ወጌሻ ነው በቃ፣ ዲፕሎማ ያለው ወጌሻ።"

ወጌሻማ አውቃለሁ። ድሬ፣ መጋላ ሰፈር፣ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ እሳቸው ጋ ሲኬድ ዘይት ይዞ፣ የሚይዝ ሰው አስከትሎ ነው። መጮህ ደግሞ ግዴታ ነው። ዝም ያለን ሰው "አልደረስኩበትም" ብለው እንደገና ነው የሚያሹት። እኔም የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ፣ ኬሪያን በክንዴ ይዤ ሄድኩ።

ሰውዬው ልጅ እግር ነው። መጀመሪያ አልነካኝም፣ ጠየቀኝ እንጂ። ስንት ወለድሽ፣ ወድቀሽ ታውቂያለሽ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል፣ ሆድሽስ? ወገቤን አሞኝ ሆዴ ምን አገባው? በልጅነቴ ከአህያ የወደቅኩትን ሳይቀር ጻፈ። እግርሽ ይደነዝዛል ወይ፣ ሽንት ያመልጥሻል ወይ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ እጄን ሳላሳርፍ ሆስፒታል ነው የምልክሽ አለ። የለም አልኩ፣ እውነቴን ነበር። ቀጥሎ ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ግን "ሰው ማጫወት" አልኩት። ፈረንሳይኛ እሰማለሁ እንጂ መናገሩ ስለሚያስቸግረኝ ኬሪያ ኮርኒሱን እያየች ተረጎመችልኝ።

ከዚያ ልብስ አውልቂ፣ የውስጡ ይቅር አለ። ያልፈለግሽውን አታውልቂ ብሎም ጨመረ። እህቶቼ፣ የተቀደደ የውስጥ ልብስ ለብሳችሁ እንዳትሄዱ፤ እኔ ሦስት ሹራብ ደርቤ ስለሄድኩ እስካወልቅ ጊዜው ሊያልቅ ነበር። አስቆመኝ፣ አስጎነበሰኝ፣ አስተኝቶ ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። "ወገቤ ወደ ላይ ነው በይው" አልኳት ኬሪያን። ያውቃል አለችኝ።

በጎኔ አዙሮ ጉልበቴን አጠፈና ተንፍሺ አለ። እጁ ወገቤ ላይ ሊያርፍ ሲል እንደ ደንቡ ኡኡታዬን ለቀቅኩት። ኬሪያም ግዴታዋን ልትወጣ ዘላ ትከሻዬ ላይ ወጣች። ወጌሻው ሸሽቶ ግድግዳው ጋ ደረሰ። ውጭ ተራ ትጠብቅ የነበረች አሮጊት በሩን ከፍታ አየችንና ካፖርቷን ለበሰች።

"አልነካኋትም እኮ" አለ።

"ታውቃለች" አለችው ኬሪያ፣ "ለሚመጣው ነው።"

ስቆ ስቆ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኬሪያን ራቅ አድርጎ አስቀመጣት፣ ዘይቴንም አይቶ ለሰላጣ ነው ወይ አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገፋኝ፣ ወገቤ ጠቅ አለ። አላመመኝም። የተታለልኩ መሰለኝ።

እጁን ሳያነሳ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህ ወገብ ሰው ሲያጫውት አልተጎዳም" አለኝ። ሁለት ቀን ምንም አታንሺ፣ ከዚያም በኋላ ሰው ብቻሽን አታንሺ፣ ማንሻ ማሽን አለ፣ ጠይቂ አለ። "እኔ ለማንም አልናገርም። አንቺ ግን ካልተናገርሽ ለወሩም አትደርሺ።"

ቅዳሜና እሑድ ተኛሁ። መጀመሪያ የተደበደብኩ ያህል አመመኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ። ሰኞ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። ብቻዬን አላነሳም፣ ማሽን ስጡኝ አልኳት። ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ አለች። እንዳያመኝ ነው የምጠይቀው አልኩ። አፍጥጣ አየችኝ፣ ጻፈች፣ "እናየዋለን" አለች። እዚህ አገር "እናየዋለን" አዎም አይደል፣ እምቢም አይደል፤ ሰውን በእንቅልፉ የሚያስጨንቅ ቃል ነው።

ማታ ቢኒያም በቪዲዮ ደወለ። ድምፁ የጎልማሳ ድምፅ ሆኗል።

"እማ፣ ውሉስ?"

"እያዩት ነው።"

"ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፊና ቁሚ እስኪ" አለኝ። ቆምኩ። "ትከሻዬ ጋ ነው የምትደርሺው።"

"በምን አወቅህ?"

"በአክስቴ ለካሁሻ። አንድ ቁመት ናችሁ አለችኝ።" ስልኩን ለእህቴ አቀብሎ አጠገቧ ሄዶ ቆመ። እውነትም ትከሻው ጋ ናት። "እንዳትቀመጪ" አለ፣ "ቆዪ፣ በደንብ ልይሽ።"

ወገቤ መጎተት ጀመረ። ወንበሩ እጄ አጠገብ ነው። እሱ ስለ ትምህርት ቤቱ ያወራል፣ እኔ እሺ እላለሁ። ስልኩን እስኪዘጋ አልተቀመጥኩም።