ከእማማ ፋጤ የተቀበልኩት ጸሎት

ከሚሴ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ሲስተር ዘሃራ መጀመሪያ የወሰደችኝ ወደ እጅ መታጠቢያው ነበር። ጥፍሬን አየች፤ ቀለበቴን አስወለቀችኝ። ማዋለጃ ክፍል ስንገባ ምጥ የያዛት ሙስሊም፣ ከበር ላይ የቆሙት ዘመዶቿም ሙስሊሞች ናቸው። ሁሉም «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። ከደብረ ብርሃን የመጣሁት ክርስቲያን አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ምን ያስደንቅሻል? እዚህ አገር በምጥ ጊዜ ማርያም የሁሉም ናት» አለችኝ ሲስተር ዘሃራ። «ጥሪያት። እጅሽን ሳትታጠቢ ከጠራሻት ግን አትሰማሽም።»

ከዚያ ወዲህ ሥራዬና ጸሎቴ አብረው ሄዱ። የፅንሱን የልብ ምት አዳምጣለሁ፣ መቀሱንና የእትብት ማሰሪያውን አሰናዳለሁ፣ «ማርያም ማርያም» እላለሁ። ልጁ ሲወለድ እናቲቱ ደም እንዳይፈሳት ኦክሲቶሲን እወጋለሁ፤ የእንግዴ ልጁ እስኪወጣም ከእናቲቱ አጠገብ አልነቃነቅም። በእጄ የተወለዱ ልጆች ዛሬ አድገው በሰንበቴ ከተማ ገበያ በበሬ ዋጋ ሲከራከሩ ሳይ፣ እኔ የወለድኳቸው ይመስል ደረቴ ይነፋል።

ኋላ የጨለመ ጊዜ መጣ። ባለቤቴ ታመመና ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር ተባለ፤ መንገዱ ግን በአካባቢው በተነሣው ግጭት ተዘግቶ ነበር። ለማርያም ተስዬ፣ አልቅሼ ለምኜ ነበር። እቤቱ አልጋ ላይ አረፈ። ማርያምን ተቀየምኳት። ወደ ሥራ ተመለስኩ፤ አፌ ግን ስሟን መጥራት አቆመ። አዋለድኩ፣ ሰፋሁ፣ አጠብኩ፤ ሁሉንም በዝምታ።

መንገዱ ገና ሳይከፈት፣ ከጨፋ ሮቢት ገጠር ሰዓዳ የምትባል ወላድ በቃሬዛ መጣች። አማቷ እማማ ፋጤ አብረዋት ነበሩ። ሴት ልጅ በደህና ተወለደች፤ የእንግዴ ልጁም ወጣ። ደሙ ግን አልቆም አለ። ባልደረባዬ መድኃኒቱን ደገመች፣ ግሉኮስ ሰቀለች። ለአምቡላንስ ብንደውል «መንገድ የለም» አሉን። ባለቤቴን የከለከለችው ያቺው መንገድ ናት።

የቀረው እጄ ነበር። አንዱን ከውስጥ፣ ሌላውን ከሆዷ ላይ አድርጌ ማሕፀኑን ጨምቄ ያዝኩ። ይህ ሥራ እጅ ያዝላል፤ ከለቀቁ ደግሞ ሴትዮዋ ትሞታለች። ክንዴ መዛል ጀመረ። ተስፋዬ ተሟጠጠ።

እማማ ፋጤ ከራስጌዋ ሆነው ቀና ብለው አዩኝ።

«ያ ረቢ! ሲስተር፣ ያንቺዋን ማርያም እኔ አሮጊቷ ልጥራልሽ? አንቺ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽ?»

«ተቀያይመናል፣ እማማ» አልኩ። እንባዬ ይወርዳል፤ መጥረጊያ እጅ የለኝም።

«አብሽሪ፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ አይዞሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ቂሙን በኋላ ትጨርሱታላችሁ። አሁን ሰዓዳ ልጄን ያዢልኝ። በይ፣ ማርያም ማርያም!»

እሳቸው ሲሉ ተቀበልኳቸው። እሳቸው ይጠራሉ፣ እኔ እጠራለሁ፤ በጥሪው ልክ እጨምቃለሁ። ጸሎቱ ደሙን አቆመው ብዬ አላስተምርም። እጄን ግን እንዳይዝል ያዘልኝ። ቆይቶ ማሕፀኑ ከመዳፌ ሥር ጠጠረ፤ ደሙም ቆመ። ሰዓዳ ውሃ ጠየቀች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልናት፣ እኔና አማቷ፣ እኩል።

የዚያን ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ደጁን ተሳልሜ፣ ከሥዕሏ ፊት ቆሜ «ተቀይሜሽ ነበር» አልኳት። ባሌ አልተመለሰልኝም። ለቅሶዬን የምወስድበት ቤት ግን ተመለሰልኝ፤ ተመስገን። ጡረታ እስክወጣም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዝም ብዬ አላውቅም።

ለአዳዲስ አዋላጆች የምለው ይኸው ነው፦ እጃችሁን ታጠቡ። ጸሎት ከአፋችሁ ሲጠፋ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው እስኪያቀብላችሁ ድረስ ከእናቲቱ ላይ እጃችሁን አታንሱ።