የመምህር ሸምሱ ደብተርና የእኔ እርማት

በቡታጅራ፣ በእንሴኖና በአዲስ አበባ ላላችሁ የመምህር ሸምሱ ተማሪዎች ሁሉ፦ የእንግሊዝኛ መምህራችን ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ወደማይቀረው ቤታቸው ሄደዋል። ከቀትር በኋላ አፈር አልብሰናቸው ተመለስን። ኩላሊታቸውን ከታመሙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። ታመምኩ ማለትን ግን አያውቁበትም፤ ስንጠይቃቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ጠመኔ ገና አልከበደኝም» ይሉን ነበር።

በእርሳቸው እጅ ያለፈ ሰው «ቴክ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ግስ አይረሳትም። የመማሪያ መጽሐፉ «ወሰደ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፋታል፤ እርሳቸው ግን አንድ ወር ሙሉ ያስተምሯት ነበር። «ልጆች፣ እኛ ክኒን እንውጣለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ሚኒባስ እንሳፈራለን፣ ምክር እንቀበላለን። እንግሊዞች ለዚህ ሁሉ ይህችን አንዷን ያሯሯጧታል፤ ምስኪን፣ እረፍት የላትም!» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ጆንን አይወዱትም። «ጆን ሻይ ጠጣ አልጠጣ እኔ ምን ቸገረኝ! የቤታችሁን አምጡልኝ» ይላሉ። በዚያች ግስ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርተን እንመጣለን። ስህተታችንን በሰሌዳው ላይ ያርሙታል። በትልቁ ደብተራቸው ግን ልጁ እንዳለው፣ ከነስህተቱና ከነስሙ ይጽፉታል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው «ሰሌዳው ለፈተና ነው፣ ደብተሩ ለልጁ ነው» አሉኝ።

ታውቃላችሁ፣ አረፋ ሲደርስ ከአዲስ አበባ የሚገባው ተማሪ ሁሉ ቤታቸው ጎራ ይላል። ደብተሩ ይከፈታል፤ ጢም ያበቀለው ጎረምሳ የልጅነት መስመሩን አንብቦ፣ ተስቆበትና ተመርቆ ይወጣል። የማይመጣም ነበረ። ነስሩ አዲስ አበባ ሕንፃ ሲሠራ ወድቆ የሞተው ገና በሃያ ዓመቱ ነው። መምህር ሸምሱ በየአረፋው ደብተሩን ይዘው ወደ እናቱ ወደ እትዬ ዘሃራ ቤት ይሄዱና ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው የነስሩን መስመር ያነቡላቸው ነበር። እትዬ ዘሃራ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ ሳያስነብቡ አይለቋቸውም።

እንግዲህ የእኔን ነገር ልንገራችሁ። ጉብሬ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት አለኝ። የተማሪ ጽሑፍ እተይባለሁ፤ እግረ መንገዴንም እንግሊዝኛቸውን አርማለሁ፤ አመል ሆኖብኛል። ባለፈው ዓመት መምህራችን ደብተሩን ሰጡኝና «ሰሚራ፣ ወረቀቱ እያረጀ ነው። ጻፊልኝ። ምንም እንዳትነኪበት» አሉኝ።

ነካሁበት። የተበላሸውን አቀናሁ፣ የሰፈርና የቀበሌ ስም ሰረዝኩ፣ የልጆቹንም ስም «መጽሐፍ ላይ አያምርም» ብዬ ዘለልኩት። ወላሂ፣ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነው! ደብተሩንማ፣ ተይቤ የጨረስኩትን ወረቀት ሁሉ እንደማደርገው፣ ለጎረቤቴ ለቆሎ ሻጯ ሰጠኋት። እየቀደደች ቆሎ ጠቀለለችበት።

የታተመውን ሳመጣላቸው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አልተቆጡም። «እንግሊዝኛው ጥሩ ነው» አሉ። ወረቀቱን እንደገና አገላብጠው ግን «ልጆቼን የት አደረግሻቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደብተሩ አለ ቲቸር፣ ስሞቹን እጨምራለሁ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። ከዚያ ወዲያ በደወሉልኝ ቁጥር «እየጨረስኩ ነው» አልኩ። አልጋ ላይ ሆነው «ለአረፋ ይደርሳል?» ሲሉኝ እንኳ «ይደርሳል» ብያቸዋለሁ። በዚሁ ውሸት ሸኘኋቸው።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘሃራ በለቅሶው ድንኳን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ደብተሩ አንቺ ጋ ነው አሉኝ። እንግዲህ የነስሩን ማን ያነብልኛል? እስቲ አንብቢልኝ።»

ያረቢ! ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ያን ስም የሌለውን ወረቀት ከቦርሳዬ አወጣሁና «የትኛው የእሱ እንደሆነ አላውቅም» አልኳቸው።

«ሁሉንም አንብቢያ። እኔ አውቀዋለሁ።»

አነበብኩ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ፤ በየመስመሩ «አይደለም» ይላሉ። ገጽ በገጽ አነበብኩ፣ ወረቀቱ አለቀ።

«የኔ ልጅ የለበትም» አሉ። «የእሱ አታት የሚል አለበት። ከእንግሊዝኛው እኔ የምለየው እሷን ብቻ ነው። ሲያድግ ለእግሬ ሕክምና አታት ሆስፒታል እንደሚወስደኝ ነበር የጻፈው።»

በሁለተኛው ገጽ ላይ «ሰውየው ሕመምተኛዋን ወደ ሆስፒታል ይወስዳል» የሚል መስመር አለ። እንደዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ደብተሩ የት እንደገባ ለቅሶ ደራሹ እየሰማ ነገርኳቸው። እትዬ ዘሃራ አላለቀሱም። «እንግዲያ ልጄን ሁለቴ ቀበርኩት በይኛ» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ያኔ ለመምህራችን የሰጣችሁትን መስመር የምታስታውሱ፣ በልጅነታችሁ እንዳላችሁት ከነስህተቱ ላኩልኝ። የሞቱትን ልጆች መስመር ደግሞ በክፍል አብሯቸው የተቀመጠ ይንገረኝ። ከእንግዲህ አንዲት ፊደል አላርምም።

ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ እንዳልለምንዎ መልስዎን ከእንግዲህ አልሰማውም። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። ከላይ የነስሩን ስም ጻፍኩ፤ ከጎኑም እናቱ በነገሩኝ መሠረት አታትን መለስኳት። የልጁን ስህተት ግን መመለስ አልቻልኩም። እሱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። አላህ ቀብርዎን ያስፋልዎ፤ ደህና ይሁኑ ቲቸር።