ዳቦ ቤቱ እሁድ የተዘጋበት ምክንያት

አውራ ጣት የሚሉት ሊጥ መድረሱን በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ ስለሚያረጋግጥ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በአንድ ዳቦ ቤት ሲያቦካ ኖሯል። ጫን አድርጎ የሚፈትነው ግን ሊጥ ብቻ አልነበረም። ሐኪም "ደህና ነህ" ካለው ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ሰው ያለ ምክንያት ከሳቀለት ኪሱን ይዳብሳል። ሚስቱ "አንተ እኮ የገዛ ጥላህን መታወቂያ ትጠይቃለህ" ትለዋለች።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት አርጅተው ቤት ሲውሉ ሥራውን ሴት ልጃቸው ተረከበች። በሦስተኛው ወር ሠራተኞቹን ሰበሰበችና ከእንግዲህ እሁድ እሁድ ቤቱ እንደሚዘጋ፣ ደሞዝም እንደማይነካ ነገረቻቸው። ሰንበት ነው፣ ሰው ማረፍ አለበት፣ አለች። ሌሎቹ ሐሳቧን ሳትቀይር እንሂድ ብለው ተበተኑ። አውራ ጣት ግን ሽርጡን እንዳገለደመ ቀረ። እሁድ ዳቦ ከሌላው ቀን ሁሉ አብልጦ የሚሸጥበት ቀን ነው። ጤነኛ ነጋዴ የገዛ ጉሮሮውን አይዘጋም። ከነገሩ ጀርባ ሌላ ነገር አለ፣ አለ በልቡ። ደግሞም በዚያው ሰሞን በሰዓት ስንት ኪሎ ዱቄት እንደሚያቦካ ጠይቃው ነበር። ማቡኪያ ማሽን ልታስገባ ነው፤ ያውም ሰው በሌለበት ቀን።

የመጀመሪያውን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከአገልግሎት በኋላ ሰባኪውን ጥግ አስይዞ፣ የሰንበት ትእዛዝ ዛሬም ክርስቲያንን ያስራል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰባኪው ቀኑን እየቆጠሩ መጨነቅ እንደማያስፈልግ፣ ማረፍ ግን "እኔ ባልኖርም ዓለምን የያዛት አለ" ብሎ ማመን መሆኑን በትዕግሥት አስረዳው። አውራ ጣት ንግግሩ ልቡን ሊነካው ምንም አልቀረውም ነበር። በር ላይ ሲደርስ ግን ያቺው ባለቤት ሰባኪውን እጅ ነስታ ስታነጋግረው አየና ነገሩ ተበላሸበት። ተመካክረዋል ማለት ነው።

በሁለተኛው ሳምንት የዳቦ ቤቱ ዘበኛ አንድ ነገር ሹክ አለው። እሁድ እሁድ ሴትየዋ በጓሮ በር ትገባለች፤ አብሯት ፊቱ የማይታይ ሰው አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው ይወጣሉ። አውራ ጣት ከዚህ በኋላ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

በሦስተኛው እሁድ ፊት ለፊት ካለው ፀጉር ቤት ገብቶ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ መኪና ቆመ። ወረደች፤ ግራ ቀኝ ገላመጠች፤ ካፖርት የለበሰና ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ ሰው ደግፋ በጓሮ በኩል ይዛ ገባች። ጋዜጣውን ጥሎ ተነሣ። ቁልፍ በእጁ ነበር። እጅ ከፍንጅ እይዛለሁ እያለ ገባ።

ምድጃዎቹ በርደው ነበር። ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ አዛውንቱ ባለቤት እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ ጭብጥ የማትሞላ ሊጥ ይዳስሳሉ። ልጃቸው ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ቀና አሉ።

"አውራ ጣት፣ ዘገየህ። እስቲ እየው፣ ኩፍ ብሏል?"

የመጣበት ጠፋው። ጠጋ ብሎ ጫን አደረገው። "ትንሽ ይቀረዋል፣ አባባ።"

ሽማግሌው ጆሮው ስር ጎንበስ አሉ። "ይቺን ሴት ማን አስገባት? ዓይንህን ከሷ ላይ እንዳትነቅል።"

እሷ ሰምታለች። ተነሥታ ወደ ጓሮው በር ጠራችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

"አንተን ያውቅሃል፤ እኔን ግን አያውቀኝም" አለችው። "አርባ ዓመት ሙሉ እሁድን ከናንተ ጋር እዚህ ነው ያሳለፈው። አብሮት የቆመውን ሰው አልረሳም።"

ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቃት። የአባቷን ገመና ለሠራተኛ እንደማታወራ፣ እጁ ከሥራ ሲገናኝ ስለሚረጋጋ ብቻ እንደምታመጣው ነገረችው።

"ሰንበት ያልሺው ታዲያ ለሽፋን ነው?"

"አይደለም። ስድስቱን ቀን እኔ እሠራለሁ፤ ሰባተኛውን እግዚአብሔር ይይዘዋል ብዬ ለማመን እየሞከርኩ ነው። ገና አልለመድኩትም።" ከቀሚሷ ላይ ዱቄት አራገፈች። "ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ አንድ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

አልነበረም። ሁሉን የሚፈትነው ሰው ይቺን አላረጋገጠም። እንደማፈር ብሎ ወሬውን ወደ ማሽኑ አዞረ። እሷም አልደበቀችውም፤ ትከሻው እያለቀ ስለሆነ ልትገዛ አስባለች፤ እሱን ግን አታሰናብትም። ቃሏን ሰማ፤ አመናት ማለት ግን ይከብዳል።

በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ልጁ በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

"አሞሃል?" አለችው።

"ደህና ነኝ።"

"ከሥራ አባረሩህ?"

"አላባረሩኝም።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ምንም።"

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቃት።

"አሥራ ሁለት" አለችና ዓይኗን ሳትነቅልበት፣ ደብተሮቿን ወደ ራሷ ሰብስባ የሚቀመጥበት ቦታ ለቀቀችለት።