ሲደርቅ የሚጠፋው

በዘጠናዎቹ፣ አሜሪካ በርክሌ ዩኒቨርሲቲ፣ የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል፣ ወረቀት ላይ የተለጠፉ የዱር ቁጥቋጦዎችን ሌብል ኮምፒውተር ላይ ታይፕ አደርግ ነበር። አለቃዬ «ሲደርቅ የሚጠፋውን መጻፍ እንዳትረሺ፤ ቀለሙን፣ ሽታውን» ትለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴን ከኦክላንድ ይዣት ሳን ሆዜ ወረድኩ። ወንዝ ዳር፣ በሌብሉ ብቻ የማውቀውን፣ ቅጠሉ እንደ ብር የሚያበራውን ቁጥቋጦ በቁሙ አገኘሁት። እናቴ «ወይራ! ለወተት ዕቃ ማጠኛ ቁረጪልኝ» አለች። «ኧረ እማዬ፣ ወይራ አይደለም፤ ፈረንጆቹ ናቸው ወይራ የሚሉት» ስላት፣ «እነሱም እንደኔ ተሳስተዋላ!» ብላ ሳቀች። ፎቶ አነሳኋት።

ካረፈች በኋላ ፎቶውን ገለበጥኩት። ከጀርባው «እማዬ፣ ሳን ሆዜ፣ ቅዳሜ» ይላል። ምናለ ስለ ሳቋ አንድ ቃል ብጽፍ ኖሮ! ቁጥቋጦው እንኳ ሽታው ተጽፎለታል።